ከማሲ ፈርጉሰን 135 ወደ ኮምፓክት ትራክተር፦ ኩቦታ፣ ጆን ዲር ወይስ ማሂንድራ?

ሞፈርና_ቀንበር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ። ሞተሩ ደህና ነው። ፍሪሲዮኑ ግን አልቋል፣ ሃይድሮሊኩም ማረሻ አንስቶ ሞተር ሲጠፋ ወዲያው ይወርዳል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ከ35 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሎደር (ከፊት የሚጭን ባልዲ) የተገጠመለት ኮምፓክት፣ ማለትም አነስተኛ ትራክተር፣ ልለውጠው አስቤአለሁ። የማመዛዝነው ኩቦታን፣ ጆን ዲርንና ማሂንድራን ነው።

ዕቃዎቼ፦ ባለ ሁለት ጥርስ ገልባጭ ማረሻ፣ 1.5 ሜትር ሮታቬተር (እየተሽከረከረ አፈር የሚፈጭ)፣ 1.5 ሜትር ሣር መቁረጫ፣ ሁለት ቶን የሚጭን ተጎታች። መሬቱ 6 ሄክታር ነው፣ ግማሹ ተዳፋት። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ዕቃዎቹስ ይገጥማሉ? ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚነዳ፣ እየሄዱ ማርሽ የማይቀየርበት) ይሻላል ወይስ ማርሽ?

ካምቢዮ

ሰላም ወንድሜ። ብራንዱን ለመጨረሻ አቆየው። ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብህ፣ በወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት የሚል ኮምፓክት የ135ን ያህል ላያርስልህ ይችላል። የ135 ሞተር 2.5 ሊትር ነው፤ 45 የፈረስ ጉልበቱን በደቂቃ 2,250 ዙር ላይ ይሰጣል፣ ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉ ደግሞ 1,300 ዙር አካባቢ ወደ 160 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። 37 የፈረስ ጉልበት ያለው የዛሬ ኮምፓክት አብዛኛውን ጊዜ 1.8 ሊትር ገደማ ሆኖ ጉልበቱን የሚያወጣው 2,700 ዙር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የመጠምዘዝ ኃይሉ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የማርሹ ቅነሳ ይህንን ያካክሳል። ክብደትን ግን ማርሽ አያካክሰውም። ማረሻ የሚጎትተው መሬት የያዘ ጎማ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ስታወዳድር የሞተሩን ጉልበት ትተህ እነዚህን ጠይቅ። አንደኛ፣ ያለ ሎደር ስንት ኪሎ ይመዝናል? ተመሳሳይ የፈረስ ጉልበት ይዘው አንዱ 1,100፣ ሌላው 1,600 ኪሎ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ለእርሻ ከባዱን ውሰድ። ሁለተኛ፣ ፒቲኦ (ከኋላ ዕቃ የሚያሽከረክረው የኃይል መውጫ) ላይ የሚደርሰው ጉልበት ስንት ነው? ለ1.5 ሜትር ሮታቬተር ፒቲኦው ላይ ቢያንስ 30 ያስፈልግሃል፣ ጠንካራ አፈር ከሆነ ከዚያም በላይ። ሦስተኛ፣ የኋላ ክንዶቹ የማንሳት አቅም የተለካው የት ላይ ነው? ክንዱ ጫፍ ላይ የተለካ ቁጥር ከጫፉ 610 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ከተለካው በጣም ይበልጣል። አንዱ ሻጭ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ከጻፈልህ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ሮታቬተርህ ክብደቱን ይዞ የሚንጠለጠለው ወደ ኋላ ርቆ ስለሆነ 610 ሚሊ ሜትር ላይ የተለካው ቁጥር ነው የሚጠቅምህ።

ባለ ሁለት ጥርሱን ማረሻ እርሳው ባልልህም፣ በቀላል ኮምፓክት ላይ አንዱን ጥርስ ፈትቶ ማረስ የተለመደ ነው። ማረሻው ወደ ቀኝ እንዳይጎትትህ ታዲያ ስፋቱን እንደገና አስተካክል።

የብረት_ልጅ

ካምቢዮ ያላነሳው አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። 135 የፈርጉሰን ድራፍት ኮንትሮል አለው፤ አፈሩ ሲጠነክር የላይኛው ዘንግ ይገፋና ሃይድሮሊኩ ማረሻውን ራሱ ትንሽ ያነሳዋል፣ ሲላላ ይመልሰዋል። ብዙ ኮምፓክቶች፣ በተለይ ሃይድሮስታቲክ የሆኑት፣ ያላቸው የቦታ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ክንዱ አንድ ከፍታ ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማ ጉብታ ሲወጣ ማረሻው ይሰምጣል፣ ጉድጓድ ሲገባ ይወጣል። ትልሙ አንድ ዓይነት ጥልቀት አይኖረውም። ለእርሻ የምትገዛ ከሆነ «ድራፍት ኮንትሮል አለው ወይ?» በል። ከሌለው ማረሻው ላይ የጥልቀት መቆጣጠሪያ ጎማ ማሰር ግድ ነው።

ስለ መግጠሙ፦ የ135 የኋላ ማያያዣ ካቴጎሪ 1 (የማያያዣ መጠን ደረጃ) ነው፤ የታችኛው ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19። በዚህ የጉልበት መጠን ያሉት ኮምፓክቶችም ካቴጎሪ 1 ናቸው፣ ስለዚህ ዕቃዎችህ ይገባሉ። ፒቲኦውም ያው ባለ 6 ጥርስ፣ 35 ሚሊ ሜትር፣ 540 ዙር ነው። ፒቲኦውን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው የካርዳን ዘንግ ግን በርዝመት ላይገጥም ይችላል።

ከብራንድ አንጻር፣ የተለጠፈው ስም ሠሪውን ሁልጊዜ አይነግርህም። ጆን ዲር በብዙ ትንንሽ ሞዴሎቹ ላይ የያንማር ሞተር ያስገባል። የማሲ ፈርጉሰን ጂሲ 1700 ኢሴኪ ጃፓን የሠራው ነው። ኒው ሆላንድ ቡመር የሚላቸው ብዙዎቹ ከኮሪያው ኤል ኤስ የመጡ ናቸው፤ ማሂንድራም ለአንዳንድ ገበያዎች ኮምፓክቶቹን በሌሎች ያሠራል። ይህ ነውር አይደለም፣ ማሽኖቹም ጥሩ ናቸው። የሚጎዳህ መለዋወጫ ፍለጋ ላይ ነው፤ ከስሙ ይልቅ የሞተሩን ቁጥርና የሠሪውን ስም ጽፈህ ያዝ።

አንተ የምታመዛዝናቸው ሦስቱም በደንብ ከተያዙ ብዙ ሺህ ሰዓት ያሠሩሃል። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሻጩ ጋ ሂድና የዘይት ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የኢንጀክተር ኖዝልና የፊት አክስል ዘይት መያዣ ጎማ አሁን መደርደሪያ ላይ አሉ ወይ ብለህ ጠይቅ። ስድስቱን አውጥቶ ካሳየህ ሻጭ ግዛ። «እናስመጣለን» የሚለው ማሽኑ ሲቆምም ያንኑ ነው የሚልህ።

ናፍጣ_ብቻ

ከ19 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ25 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆኑት ሞተሮች ጥብቅ የጭስ ሕግ ላለበት ገበያ ሲሠሩ አብዛኞቹ ኮመን ሬይል (በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የናፍጣ መርጫ) እና የጭስ ማውጫ ጥላሸት ማጣሪያ ይዘው ይወጣሉ። ሌላ ገበያ የሚላከው ያው ሞዴል በሜካኒካል ፖምፓ ሊመጣ ይችላል። የትኛው እንደሆነ አስጽፍ።

ማጣሪያ ያለው ከሆነ የ135 ልማድ ያበላሸዋል። 135ን በዝቅተኛ ዙር እያጉረመረመ መሥራት ይቻል ነበር። ማጣሪያ ያለውን ሞተር በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ ካቆምከው ወይም በዝቅተኛ ዙር ከነዳኸው ጭስ ማውጫው አይሞቅም፣ ጥላሸቱ አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ይደፈናል። ማጣሪያው ጥላሸቱን እያቃጠለ ራሱን ማጽዳት ሲጀምር ሞተር አታጥፋ፣ ዙሩን ከፍ አድርገህ ይጨርስ። ናፍጣው የሰልፈር መጠኑ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 ክፍል) በላይ የሆነበት ቦታ ላይ ይህን ዓይነት ሞተር አልመክርም። ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣም ኮመን ሬይልን ከሜካኒካል ፖምፓ በፍጥነት ይገድላል።

ሞፈርና_ቀንበር

በጣም አመሰግናለሁ። ናፍጣችን የሚያስተማምን ስላልሆነ ሜካኒካል ፖምፓ ያለውን እጠይቃለሁ። የቀረኝ ተዳፋቱና የካርዳን ዘንጉ ነው። ሃይድሮስታቲኩስ?

ካምቢዮ

ሎደር ብዙ የምትሠራ ከሆነ ሃይድሮስታቲክ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእግር ብቻ ስለሚሄድ ፍሪሲዮን አይበላም። የምታርስ ከሆነ ማርሽ፤ ሃይድሮስታቲክ ከጉልበቱ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ በከባድ ጭነት ሲጎትት ዘይቱ ይግላል። ባንተ ዝርዝር ማረሻና ተጎታች ስላሉ ማርሽ ከሻትል (በአንድ ማንሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚቀይር) ጋር እመርጣለሁ።

አንድ ነገር አስብበት። 135ህን አትሽጠው። ሃይድሮሊኩ ሞተር ሲጠፋ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከሲሊንደሩ ፒስቶን ቀለበት ወይም ከማስተላለፊያ ቱቦው ኦ-ሪንግ መፍሰስ ነው፤ የሊፍት ሽፋኑን አንስቶ የሚሠራ ነው፣ ውድ ክፍል አይደለም። ፍሪሲዮን ለመለወጥ ደግሞ ሞተሩ ከካምቢዮው መለየት አለበት፣ ሥራው ከሸራው ይበልጣል። ሁለቱ ከተሠሩ ማረሻውን ለ135 ትተህ ሎደር፣ ሣርና ሮታቬተሩን ለኮምፓክቱ ስጥ። ያኔ ድራፍት ኮንትሮል የሌለው ሃይድሮስታቲክም ይበቃሃል።

የብረት_ልጅ

በካምቢዮ ሐሳብ እስማማለሁ። ተዳፋቱ ላይ የኋላ ጎማዎቹን ቸርኬ አገላብጠህ ወደ ሰፊው ቦታ አውጣ፣ ጎማዎቹንም እስከ 75 በመቶ ፈሳሽ ሙላ። ሎደሩ ሲጫን ከኋላ ክብደት መኖር አለበት፤ ካልኖረ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ጭነቱ ሁሉ የፊት አክስል ላይ ያርፋል። ባልዲውን ዝቅ አድርገህ ሂድ። ጎማ ስትቀይር የፊቱንና የኋላውን መጠን ለየብቻ አትለውጥ፤ የዙር ልዩነታቸው ከተዛባ አራቱን ጎማ ስታስገባ የፊት አክስሉ ማርሽ ይሰበራል። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ላይም አራቱን አትጠቀም።

የካርዳን ዘንጉን እንዲህ ለካ፦ ሮታቬተሩን ግጠም፣ ዘንጉ አግድም እስኪሆን ክንዱን አንሳ፣ ሞተሩን አጥፋ። ከዚያ ዘንጉን ሁለት ቦታ ለይተህ አንዱን ትራክተሩ ላይ፣ ሌላውን ዕቃው ላይ ሰክተህ ጎን ለጎን ያዛቸው። በጣም አጭር በሚሆንበት ቦታ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፣ ካልሆነ ፒቲኦውን ገፍቶ ኩሽኔታውን ይሰብራል። በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር መደራረብ አለባቸው። ሁለቱንም ቱቦና ሁለቱንም የፕላስቲክ ሽፋን እኩል ቁረጥ፣ ጠርዙን ሞርድ፣ የብረት ብናኙን ጥረግ፣ ግሪስ ቀባና ሰካ። ክንዱን ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ ብለህ አንቀሳቅሰው፤ የትም ቦታ ካልጠበቀ ያን ጊዜ ሞተሩን አስነስተህ ፒቲኦውን በዝቅተኛ ዙር አስገባ።