የአናፖሊስ 90 ቀን ይበቃል?

ጠያቂው፦ ሰላም ጎበዝ። አናፖሊስ፣ የሜሪላንድ ዋና ከተማ፣ የሚቀመጠው የግዛቱ ምክር ቤት በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው የሚሰበሰበው። ኤፕሪል 7፣ 2025 የዚያ ዓመት ስብሰባ የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ ከሥራ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት በቀጥታ ሥርጭት አየሁት። የረቂቁ ቁጥር ይነበባል፣ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴና ቀይ ይበራል፣ ቀጣይ! 67 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሆነው በጀትም የመጨረሻ ድምፁን ያገኘው በዚያው ቀን ነው። በ90 ቀን ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ የሚመጣለት ሰው የቱን አንብቦ ነው ቁልፉን የሚጫነው? ዓመቱን ሙሉ ይሥሩ ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

እናት ከጀርመንታውን፦ ወንድሜ፣ አንተ ያየኸው የሠርጉን ጭፈራ ነው፤ ጥንስሱን አላየህም። ሥራው ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ልጄ የእድገት እክል አለበት። በዚያ ዓመት ለእንደሱ ላሉት ከሚሰጠው አገልግሎት ብዙ ገንዘብ ሊቆረጥ ነው ሲባል እንቅልፍ አጣን። ወላጆች አናፖሊስ እየተመላለስን፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየተሰጠን ተናገርን። እኔ በእንግሊዝኛዬ እየተንተባተብኩ። ከተቆረጠው ከፊሉ ተመለሰ። ያ ሁሉ የሆነው አንተ ቴሌቪዥን ሳትከፍት ነው።

ቴክ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ እንኳን ተሳካልሽ። የኔስ? ለምግብ ቤቶች ኮምፒውተርና የክፍያ ሲስተም እጠግናለሁ። መጀመሪያ ያሰቡት በብዙ ዓይነት የንግድ አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ ታክስ ነበር። ነጋዴው ሲጮህ ጠበበና 3 በመቶ ሆኖ እኛ የአይቲ ሰዎች ላይ አረፈ። ይኼ ሁሉ የሆነው ምክር ቤቱ ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት ነው! ደግሞ ለብቻው ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ከበጀቱ ጋር በሚሄደው የማስታረቂያ ሕግ ውስጥ ከሌላው ጋር ታጭቆ ገባ። ተወካዬ እሱን ቢጠላ እንኳ ጥቅሉን ሁሉ ሊጥል ነው? ጠያቂው ልክ ነው፤ ጊዜ ያስፈልጋል።

አሌክሳንድሪያ፦ 90 ቀን አነሰን ትላላችሁ? ቨርጂኒያ ኑ። በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው 30 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 46 ይዘረጋል። የታችኛው ምክር ቤት አባል ለረጅም ዓመታት ያገኝ የነበረው በዓመት 17,640 ዶላር ነው። በዚህ ኡበር የሚነዳ ሰው ይወዳደራል? ጠበቃውና ባለ ሀብቱ ነው የሚገባው። ኒው ሃምፕሻየርማ በዓመት 100 ዶላር! የናንተዎቹ ከ50 ሺህ በላይ ያገኛሉ፤ ቢያንስ የቤት ኪራይ ይከፍላል። (በሲልቨር ስፕሪንግ ዋጋ እሱም ያጠራጥራል።)

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔ የ90 ቀኑ ወገን ነኝ። ዓመቱን ሙሉ አስቀምጣቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሕግ ሲያወጡብህ ይኖራሉ። ከቀኑ ብዛት ይልቅ ሥልጣኑን እዩ። ከ1916 ጀምሮ የሜሪላንድ ምክር ቤት ገዢው ካቀረበው በጀት ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝቡ በድምፁ ለወጠው፤ እኔም አዎ ካሉት ነኝ። ከ2024 የበጀት ዓመት ወዲህ ከገዢው ጠቅላላ ድምር ሳያልፉ ገንዘቡን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። በድሮው ቢሆን የዚህች እናት ልመና ገዢው ደጃፍ ላይ ይቀር ነበር።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ ይኼን አላውቅም ነበር፤ ግን እኮ እርስዎ እኔን ነው የረዱኝ። ገንዘብ ማዛወር የሚችል ሰው ከማይችለው የበለጠ ማንበብ አለበት።

እናት ከጀርመንታውን፦ ለእያንዳንዱ ረቂቅ ስንት እንደሚያስወጣ የሚተነትን ሰነድ ይዘጋጃል፤ አንተም ከቤትህ ታነበዋለህ። አንብበህ ታውቃለህ?

ጠያቂው፦ …አላነበብኩም።

ቴክ ሠራተኛው፦ እኔ የታክሱን አንብቤያለሁ፤ ካለፈ በኋላ።

እናት ከጀርመንታውን፦ እንግዲያው በጃንዋሪ ሲከፈት ንገሩኝ። ለምስክርነት መመዝገቢያው ኦንላይን ነው፣ ቀኑ ያመልጣችኋል። መኪናዬ ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ ፓርኪንጉን ግን እናንተ ትከፍላላችሁ።