የጉማራን የጎርፍ ንባብ በኤችኢሲ-ዲኤስኤስ እንዴት ላስቀምጥ?

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ሆኜ የጉማራን ወንዝ የውኃ ከፍታ ንባብ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኤችኢሲ-ዲኤስኤስቪው (HEC-DSSVue፣ የውኃ ልኬት ዳታ ማስቀመጫና ማያ ፕሮግራም) እያስገባሁ ነው። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት የተነበበ ነው፤ ቀኑ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር። ጳጉሜንና አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 የሚውለውን መስከረም 1 በኤክሴል አስተካክያለሁ፤ እሱ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሲሞላ አንባቢው፣ እግዜር ይስጠው፣ በመሐል ወርዶ ተጨማሪ ያነባል፤ 5 ሰዓት ከሩብ፣ 9 ሰዓት ተኩል፣ ብቻ እንደተመቸው። የጎርፉ ጫፍ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። በ12 ሰዓት ልዩነት መደበኛ ተከታታይ (በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚቀመጥ ዳታ) አድርጌ ሳስገባ የጠዋቱና የማታው በ6 ሰዓት ማካካሻ (ከፕሮግራሙ መደበኛ ሰዓት 6 ሰዓት በማራቅ) ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ የመሐሎቹ ግን ቦታ የላቸውም። በየወሩ ተከፋፍሎ የሚቀመጥ ኢ-መደበኛ ተከታታይ (የጊዜ ልዩነቱ እኩል መሆን የማያስፈልገው) ሳደርገው ሁሉም ገባ። ወደ ዕለታዊ አማካይ ስቀይረው ግን ምንም ያልተነበበባቸውን ቀናት ፕሮግራሙ ከፊትና ከኋላ ባሉት ንባቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ይሞላቸዋል። በዚህ ዳታ ፍሰት ስለሚሰላ ባዶው ቀን ባዶ ሆኖ መቅረት አለበት። የዳታውን ዓይነት ቅጽበታዊ (በዚያው ሰዓት የተነበበ እንጂ አማካይ ያልሆነ) ብዬ ነው የመዘገብኩት።

እንዲህ ያለ መዝገብ ያስገባችሁ ካላችሁ፦ ሁሉንም በአንድ ኢ-መደበኛ ተከታታይ ይዤ በጎደሉት ቀናት ላይ የጎደለ ዳታ ምልክት ላስገባ፣ ወይስ የጠዋትና የማታውን በመደበኛው ትቼ የጎርፉን ንባብ በሌላ የኤፍ ክፍል (በፕሮግራሙ ውስጥ የዳታው ስም የመጨረሻ ክፍል) ስም ለብቻው ላስቀምጠው?