በመጤ ተምች ላይ በምግብ በኩል የሰጠሁት አርኤንኤ አልሠራ ስላለኝ ምክር እጠይቃለሁ

ለተከበራችሁ የዘርፉ ባለሙያዎች፤

ባሕር ዳር ሆኜ በምሠራው የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት፣ ከሜጫ የበቆሎ ማሳዎች የሰበሰብኋቸውን የመጤ ተምች እጮች፣ ቪ-ኤቲፒኤዝ የተባለውን ለሕይወታቸው አስፈላጊ ዘረመል በሚያፍን ባለ ድርብ ሰንሰለት አርኤንኤ (ከዲኤንኤ ጋር የሚቀራረብ ሞለኪውል) ለመግደል ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። አርኤንኤውን ያመረትሁት ኤችቲ115 በተባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ድርብ ሰንሰለቱን የሚቆራርጠው አርኤንኤዝ 3 ኢንዛይም ስለሌለው ምርቱ በውስጡ ይከማቻል። ባክቴሪያውን በቅጠል ቁራጭ ላይ ቀብቼ ለሦስተኛ ዕድገት ደረጃ እጮች ለየብቻቸው ሰጠሁ (አብረው ቢቀመጡ እርስ በርሳቸው ይበላላሉና)። በ7ኛው ቀን ግን የሞቱት ቁጥር ከማነጻጸሪያው ቡድን አልተለየም፤ የዘረመሉ የሥራ መጠንም አልቀነሰም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በበቆሎ ሥር በላ ጥንዚዛ ላይ ዘዴው እንደሠራ ታትሟል፤ ተምቹ የሚመደብባቸው የእሳት ራት ወገኖች ግን አስቸጋሪ መሆናቸው ይታወቃል። የእኔ ጥርጣሬ፣ አልካላይን በሆነው አንጀታቸው ያሉት ኒውክሊኤዞች (አርኤንኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች) አርኤንኤውን ወደ ሕዋስ ሳይገባ ይሰባብሩታል የሚል ነው፤ የገባውም ቢሆን በኢንዶዞም (ሕዋሱ ከውጭ ያስገባውን በሚይዝበት ከረጢት) ውስጥ ታግቶ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ አርኤንኤውን እንዳይሰባበር በካይቶሳን (ከሸርጣንና ከመሰሎቹ ቅርፊት በሚሠራ ንጥረ ነገር) መሸፈን ይሻለኛል ወይስ በመጀመሪያ የኒውክሊኤዙን ዘረመል ማፈን? ገና የተፈለፈሉ እጮችን ብጠቀምስ? አማካሪዬ ተምቹን ትቼ በየጎተራው ወዳለው የበቆሎ ነቀዝ እንድዞር ይገፋፉኛል፤ ነቀዝ ጥንዚዛ በመሆኑ ሐሳባቸው ምክንያታዊ ቢሆንም፣ ማሳውን ያራቆተውን ተባይ መተው ከብዶኛል። ካይቶሳን የተጠቀመ ሰው የመቀላቀያውን መጠን ቢያካፍለኝ ውለታው ትልቅ ነው።