አንድ ገጽ ላይ ሰባት ጊዜ «ረን»፤ እናንተ ይህን ቃል እንዴት ትተረጉሙታላችሁ?

ተርጓሚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ገጽ ላይ «ረን» (run)፣ መሮጥ ብለን የምናውቀው ቃል፣ ሰባት ጊዜ አለ፤ አማርኛው ደግሞ ሰባቱንም ጊዜ ሌላ ሆነብኝ። ማሽኑን መጀመሪያ ባዶውን አንድ ዙር «ረን» አድርጉት ይላል። ፕሮግራሙ ለ90 ደቂቃ «ረን» ያደርጋል። ቧንቧው ውሃው እስኪጠራ ድረስ «ረን» ያድርግ። ቱቦው በር ላይ «ረን» እንዳያደርግ። ሳሙና «ረን አውት» ካደረጋችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። እስከዚህ ድረስ ከዙሪያው ቃላት እየገመትኩ ተወጣሁት።

የጣለኝ «ደማቅ ልብሶች ረን ሊያደርጉ ይችላሉ» የሚለው ነው። ልብሱ ማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራል ለማለት መስሎኝ እንደዚያው ጽፌ ሁለት ቀን አቆየሁት። ማስጠንቀቂያ መሆኑ የገባኝ አጠገቡ ያለውን ትንሽ ሥዕል ልብ ብዬ ሳየው ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አለ። ሳላየው ልኬው ቢሆን ኖሮ እኔን ያመነ ሰው ልብሱ ይበላሽበት ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ሰባተኛው ገና አልተፈታም፦ «ጣትዎን በበሩ ላስቲክ ዙሪያ ረን ያድርጉ»። መዝገበ ቃላት ስከፍት የትርጉም መዓት ይዘረገፍብኛል። መላችሁ ምንድን ነው?

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ መዓት ያልሽው እውነትሽን ነው። በታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው፣ ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሰት» (set) የሚለው ቃል ነበር። በኋላ «ረን»ን እንደ አዲስ ሲያዘጋጁት ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተቆጠረለት። ሥራው የተሰጣቸው ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ ለመጨረስ ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ልሸምድደው ብለሽ አትድከሚ።

እኔ ለረጅም ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን የምለምናቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ረን» ማለት መሮጥ ነው ብላችሁ አትነሱ፣ መፍሰስ ነው ብላችሁ ተነሡ። በጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉ ለሰውም ለወንዝም ያገለግል ነበር። ዘመዱ ጀርመንኛ ዛሬም ሁለቱን ለይቶ ነው የያዛቸው፤ «ሪነን» ለሚፈሰው፣ «ረነን» ለሚሮጠው። እንግሊዝኛ ግን ባንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል። ይህን ከያዝሽ ቧንቧውም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫም፣ ከጨርቁ የለቀቀው ቀለምም አንድ ቤት ይገባሉ፤ ሁሉም ይፈስሳሉ። አንድ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ «ረን» ያደርጋል ሲሉ እኛ በዘር ይወርዳል እንላለን። መውረድም ያው የውሃ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ውስጥ የኖርዘርን ሮክ ባንክ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለማውጣት ሲሰለፉ ጋዜጦቹ «ባንክ ረን» አሉት። አማርኛ ይህንን «ሕዝቡ ወደ ባንኩ ጎረፈ» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይገልጸዋል። ጎርፍ ከሩጫ ይልቅ እንዴት እንደሚቀርበው ተመልከቺ!

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። እኛ ፈሰሰ ብለን አፈሰሰ፣ ሠራ ብለን አሠራ እንላለን፤ አድራጊው ሌላ መሆኑን «አ» ትነግረናለች። እንግሊዝኛው ምንም አይጨምርም። ውሃው «ረን» ያደርጋል፣ አንቺም ውሃውን «ረን» ታደርጊያለሽ። ስለዚህ ከግሱ ቀጥሎ ተሳቢ መኖር አለመኖሩን እዪ። ከሌለ፣ ማሽኑ ይሠራል። ካለ፣ ማሽኑን ያሠሩታል። ድርጅት «ረን» የሚያደርግ ሰውም እዚሁ ነው የሚገባው፤ ድርጅቱ እንዲሄድ ያደርጋል፣ ማለትም ያስተዳድራል። የጣቱን ዓረፍተ ነገር በዚህ ሞክሪውና መልሽልኝ፣ ብነግርሽ ደስታውን እቀማሻለሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦

ከእኛ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። እርስ በርሳችን «ረን አድርገው» እያልን ነው የምንውለው፤ ለተጠቃሚ ሲጻፍ ግን እኔ «አሂድ» እላለሁ፣ ፕሮግራሙም «እየሄደ ነው»። መምህሩ ያሏት «አ» እዚህም አለች። «አስሩጥ» ብሎ የጻፈ አይቻለሁ፣ አንባቢው ፍጥነት ጨምር የተባለ ነው የሚመስለው።

የዜና አርታኢ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁሉንም ወደ ውሃ መመለሱ አያስኬድም። አሜሪካኖች ለምርጫ «ረን» ያደርጋሉ ሲባል ያ ከእሽቅድምድም የመጣ ነው። እንግሊዞች ለዚሁ ነገር «ስታንድ» ይላሉ፤ አንዱ አገር እጩው ይሮጣል፣ ሌላው አገር ይቆማል። እኛ ደግሞ ተወዳደረ እንላለን፣ ይህም ከሩጫው ወገን ነው። ከዕጩ ፕሬዚዳንት ጎን ለምክትልነት የሚቀርበውን ሰው፣ «ረኒንግ ሜት» የሚሉትን፣ «የሩጫ ጓደኛ» ብሎ የተረጎመ ዜና እጄ ገብቶ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሳላርም ማሳለፍ አልችልም።

ጡረተኛው መምህር፦

ልክ ነዎት፣ ተቀብያለሁ። ሩጫ የሆነው ሩጫ ይባል። እኔ የምፈራው ተማሪው ሩጫን ብቻ ይዞ አፍንጫው ሲሮጥበት እንዳይቀር ነው።

ተርጓሚዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ «አ»ን ይዤ ሰባቱንም እንደገና አየኋቸው። ተሳቢ ያላቸው ባዶው ማሽንና ጣቱ ናቸው። የሳሙናው ላይ አማርኛ ገልብጦ «ሲያልቅብዎ» ማለቱን አልተውኩም፣ እንደዚያ ነው የምንናገረው። ጣቱን መጀመሪያ «ያስኪዱ» ብዬው ነበር፤ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ሰው እንዲህ አይልም። አሁን «የበሩን ላስቲክ ዙሪያውን በጣትዎ ይዳብሱ፤ ቆሻሻ ካለ ይጥረጉት» ሆኗል። ያ ሁለት ቀን የቆየው ስሕተት ደግሞ «ደማቅ ልብሶች ቀለም ሊለቁ ስለሚችሉ ከነጭ ጋር አይቀላቅሏቸው» ተብሎ ከሥዕሉ ሥር ገብቷል። ቱቦው ላይ «እንዳይዘረጋ» እና «እንዳያልፍ» ከሚሉት አንዱን ለመምረጥ ገና እያመነታሁ ነው፤ እኔ ወደ «እንዳይዘረጋ» አዘንብያለሁ፣ ሰው የሚደናቀፈው በተዘረጋ ነገር ስለሆነ።