ክለቡ ሌላ፣ ሰፈሩ ሌላ፦ በሜሪላንድ የካንትሪ ክለብ ሰፈር ስለመኖር

ጥያቄ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሲልቨር ስፕሪንግ በአፓርታማ ስንኖር አሥራ አንድ ዓመት ሞላን። ሰሞኑን በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በካንትሪ ክለብ (ጎልፍ ሜዳና መዋኛ ባለው የአባላት ክለብ) ዙሪያ ከተሠሩት የቆዩ ሰፈሮች በአንዱ አንድ ቤት አይተን ልባችን ሄዷል። የዛፉ ጥላ ብቻውን ያጠግባል። ይሁን እንጂ የክለብ አባል ለመሆን አቅሙም ሐሳቡም የለንም፤ በቅርቡ ደግሞ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በእንዲህ ያለ ሰፈር የኖራችሁ ምን ትሉናላችሁ?

መልስ

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔና ቤተሰቤ በዚያው ካውንቲ በሚገኝ አንድ የካንትሪ ክለብ ሰፈር መኖር የጀመርነው በ2012 ጸደይ ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ስለዚህ አብዛኛውን የምነግርዎ ከጓሮዬ ያየሁትን ነው። የሰፈሩንም የክለቡንም ስም ግን አልጠራም፤ ጎረቤቶቼ ናቸውና።

ከሁሉ በፊት ክለቡና ሰፈሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይያዙልኝ። ለጥያቄዎ ከእኔ በፊት መልስ የጻፉት ወንድማችን ቤቱን የገዛ ሰው መዋኛውንና ሜዳውን አብሮ የሚያገኝ አስመስለው ነግረውዎታል። ካንትሪ ክለብ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ለገጣፎ ያለው የሪል ስቴት መንደር ስለሆነ አልፈርድባቸውም። በፍሎሪዳ አንዳንድ ሰፈሮችም አባልነቱ ከቤቱ ጋር ግዴታ ሆኖ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ባሉት የቆዩ ሰፈሮች፣ እንደ ቼቪ ቼዝና እንደ ኬንዉድ ባሉት ግን፣ ክለቡ የራሱ አጥር፣ የራሱ አባላትና የራሱ ደንብ ያለው የግል ማኅበር ነው። እንዲህ ባሉ ክለቦች ለመግባት ብዙውን ጊዜ ነባር አባላት ሊመሰክሩልዎ ይገባል፤ ከዚያ ዳጎስ ያለ የመግቢያ ክፍያ፣ ከዚያም ወርሃዊ መዋጮ፣ በአንዳንዶቹም በሉም አልበሉም የሚከፈል የምግብ ቤት ሒሳብ ይከተላል። እኛ ይህን ሁሉ ዓመት በክለቡ በር ስናልፍ ወደ ውስጥ የዘለቅነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ተጠርተን ነው።

ሰፈር በክለብ ዙሪያ የተሠራው ለምንድን ነው ቢሉ፣ መልሱ ንግድ ነው። በኋላ የኔቫዳ ሴናተር የሆነው ፍራንሲስ ኒውላንድስ በ1890 የቼቪ ቼዝን የመሬት ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ከዋሽንግተን ወጥቶ በእርሻ መካከል ቤት ለመሥራት የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኩባንያው ኮኔቲከት አቬኑን አስረዝሞ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ አዘረጋበት፤ በመጨረሻው ፌርማታ ወንዝ ገድቦ ሐይቅ ሠራ፤ በ1892 ደግሞ የቼቪ ቼዝ ክለብ ተመሠረተ። ክለቡ መጀመሪያ የፈረሰኞችና የቀበሮ አዳኞች ነበር፤ ጎልፉ የመጣው ቆይቶ ነው። ክለቡ ገዢ እየጠራ፣ ማን ገዢ እንደሚሆን ደግሞ የመሬቱ ሽያጭ ውል ይወስን ነበር፤ በኮኔቲከት አቬኑ ላይ ከ5,000 ዶላር፣ በውስጥ መንገዶች ላይ ከ3,000 ዶላር በታች የሚያወጣ ቤት መሥራት አይፈቀድም ነበርና። በካንሳስ ሲቲ ደግሞ ጄ. ሲ. ኒኮልስ የተባለው ባለሀብት የካንትሪ ክለብ ዲስትሪክትን ሲገነባ የቆዳ ቀለምን ጭምር በይዞታ ውሉ ውስጥ አስገባ፤ አሠራሩንም ብዙ ከተሞች ተከተሉት።

ይህን የማነሣው ለክርክር አይደለም። ቤታችንን በገዛን ዕለት ከቀረቡልን ወረቀቶች መካከል በ1930ዎቹ የተጻፈ የይዞታ ውል ቅጂ ነበረበት። አንዱ አንቀጽ፣ በቤት ውስጥ ከሚያገለግል ሠራተኛ በቀር፣ ጥቁር ሰው በቦታው ላይ እንዳይኖር ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ሼሊ በተባለው ክስ እንዲህ ያለውን ውል የትኛውም ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው እንደማይችል ወስኗል፤ የ1968ቱ ሕግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ የሚደረገውን መድልዎ ራሱን ከልክሏል፤ ስለዚህ አንቀጹ የሞተ ነው። ባለቤቴ ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ በመፈረሚያው ገጽ ላይ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ጻፈች። የሚያስፈርመን ሰውዬ ሁለት ስም ይበቃል ቢላት አልሰማችውም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሪልተርዎ (ቤቱን የሚያሻሽጥልዎ ደላላ) የሜዳው ዕይታ ለዘለዓለም ነው ካለዎት በጥንቃቄ ያድምጡት። የሜሪላንድ ሕግ ካንትሪ ክለቦች ከግዛቱ ጋር የዓመታት ውል ሲገቡ፣ መሬታቸው ለግብር የሚገመተው በገበያ ዋጋ ሳይሆን አሁን በሚውልበት አገልግሎት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ግብራቸውም ይቀንሳል፤ ያ ባይሆን ኖሮ በዚሁ ካውንቲ ባለችው በቤተስዳ መካከል ይህን ያህል ሣር ይዞ የሚቀመጥ ብዙ ክለብ የሚኖር አይመስለኝም። ከግብር ቅናሹ ጋር አድልዎ ያለማድረግ ግዴታ አለ። እዚያው ቤተስዳ የሚገኘው በርኒንግ ትሪ የተባለው የወንዶች ክለብ፣ በ1980ዎቹ ከተካሄደ ረጅም ሙግት በኋላ፣ ሴቶችን ከማስገባት የግብር ቅናሹን ማጣት መርጧል፤ ምን ያህል ገንዘብ ቢኖራቸው ነው ያሰኛል። ገንዘቡ የሌለው ክለብ ግን ይሸጣል። በላይሂል መንገድ የነበረው ኢንዲያን ስፕሪንግ ክለብ ተዘግቶ መሬቱ ዛሬ ፖፕላር ራን የሚባል የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል፤ ሜዳውን እያየ ይኖር የነበረ ሰው አሁን የሚያየው የሌላ ሰው ጓሮ ነው። ስለዚህ ለዕይታው ተብሎ የተጨመረብዎትን ዋጋ እንደ ኪራይ ይቁጠሩት። ለግብር የሚያዘው የቤትዎ ግምት በየሦስት ዓመቱ እንደሚከለስ ይወቁ፤ የሚኖሩበት ቤት የግብር ግምት በአንዴ እንዳያሻቅብ የሚረዳውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላውን የሆምስቴድ ማመልከቻም እንዳይረሱ።

ዛፉ ልብዎን መውሰዱ አይደንቀኝም። በጁላይ ቀትር ከዋናው መንገድ ወደ እኛ መንገድ ሲታጠፉ የመኪናው ሙቀት መለኪያ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ዛፍ ሥራ ነው። በገባን በሦስተኛው ወር፣ ጁን 29 ቀን 2012 ማታ፣ ዴሬቾ የሚሉት የነፋስ ማዕበል መጥቶ የጎረቤታችንን ኦክ ከነሥሩ ነቅሎ በመብራቱ ሽቦ ላይ ጣለው። አምስት ቀን ጨለማ ውስጥ ከረምን፤ ለልጃችን ክርስትና የተዘጋጀው የሁለት በግ ሥጋና የዶሮ ወጡ ቁሌት ከፍሪዘር ወጥቶ መብራት ወዳልጠፋባቸው ሦስት ወዳጆቻችን ቤት ተበተነ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታችን ያዘነበለውን ቱሊፕ ፖፕላር ልቁረጥ ብል፣ የሰፈሩ ማኅበር ፈቃድና የዛፍ ባለሙያ ምስክርነት ጠየቀኝ። የራሴ ዛፍ፣ በራሴ ግቢ! ባለሙያው ጤነኛ ነው ብሎ ፈረመ፤ ዛፉም ዛሬ ድረስ ቆሟል፤ እኔም ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልጆቹን በወዲያኛው ክፍል አስተኛለሁ። ኖቬምበር ሲመጣ ቅጠሉን እስከ መንገድ ዳር መግፋት የእርስዎ ፈንታ ነው፤ ካውንቲው በመምጠጫ መኪና የሚሰበስበው በተወሰኑ ሰፈሮች ስለሆነ፣ ቤትዎ ከእነዚያ አንዱ መሆኑን ይጠይቁ። በቤንዚን የሚሠራ የቅጠል ማራገቢያ መጠቀም ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በካውንቲው የተከለከለ ነውና በርካሽ ቢያገኙም አይግዙ።

የኳስም ነገር አለ። በ2016 ኦገስት ላይ ባለቤቴ ለዓመት የሚሆነንን በርበሬ ከነቅመሙ በአንሶላ ዘርግታ ዴኩ (የጓሮው የእንጨት በረንዳ) ላይ አስጥታ ነበር። አንዲት የጎልፍ ኳስ ከሜዳው ተወርውራ መጥታ በርበሬው መሐል ተቀበረች። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሽማግሌ ይቅርታ እየጠየቁ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ባለቤቴ ቆፍራ ስትሰጣቸው ኳሷ በበርበሬው ቀልታለች። ሽማግሌው በጓንታቸው ጠረጓት፤ ከዚያም በዚያው ጓንት የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። ዓይናቸውን ለማጠብ ወጥ ቤታችን ገብተው ቡና ጠጥተው ወጡ፤ በሰፈሩ ውስጥ ስማችንን አስተካክለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። መስኮት ሲሰበር ግን ነገሩ እንዲህ አይጣፍጥም። የሁለት መስኮቶቻችንን ዋጋ የከፈለው የራሳችን ኢንሹራንስ ነው፤ ክለቡ በሜዳ ዳር ቤት የገዛ ሰው አውቆ ነው የገዛው የሚል ደብዳቤ ላከልን። አብዛኛው ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ኳሱ ወደ ቀኝ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ያዩት ቤት ከመምቻው ቦታ ሲታይ በቀኝ ነው ወይስ በግራ የሚለውን ቆመው ይመልከቱ።

የእኛ ኑሮ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ነው። የባለቤቴ አባት አዲስ አበባ ያረፉ ጊዜ፣ በሁለተኛው ቀን ከስልሳ የማያንሱ መኪኖች በጠባቡ መንገዳችን ግራና ቀኝ ቆሙ። የእግረኛ መንገድ ስለሌለ ጥቁር የለበሱ እናቶች በአስፋልቱ መሐል ሲመጡ ያየ አንድ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ነገሩ ሲነገረው ኮፍያውን አውልቆ መኪና ሲያስተናብር ቆየ፤ የማኅበሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን የደረሰን ገና ከል ሳናወልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲበዛ በግራና በቀኝ ላሉት ቤቶች አስቀድመን እንነግራለን፤ ለመኪኖቹም በአቅራቢያችን ያለ ቤተ ክርስቲያን ግቢውን ያውሰናል።

ስለ እናትዎ ሳልደብቅ ልንገርዎ። መኪና ለማይነዳ ሰው ይህ ሰፈር አጥር የሌለው እስር ቤት ነው። አማቴ ከለቅሶው በኋላ መጥታ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው በእሷ እርምጃ ሃያ አምስት ደቂቃ ይርቅ ነበር። በሁለተኛው ወር «ዛፉን አየሁት፤ አሁን ሰው አሳዩኝ» አለችን። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኅቷ ጋር ትኖራለች፤ ከሊፍቱ ስትወርድ አማርኛ የሚያናግራት ሱቅ አለ፤ እኛ ጋ የምትመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው።

በመጨረሻም ሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው፣ በሜሪላንድ ሻጩ የማኅበሩን ሰነዶች ሊሰጥዎ ይገደዳል፤ ሰነዶቹ ከደረሱዎት በኋላም ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላሉ። በእነዚያ ቀናት መኪና ስለማቆም፣ ድንኳን ስለመትከልና ደጅ ላይ ከሰል ስለማቀጣጠል የተጻፈውን በተለይ ያንብቡ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከባለቤቴ ጋር ተመልሰን ሄደን እንዳሉት ቆመን አየነው፤ ቤቱ በቀኝ በኩል ነው፤ ልጆቹም ከአጥሩ ሥር አሥራ ሦስት ኳስ ለቅመው መጡ። አውቶቡሱንም በእግር ለካነው፤ ሰላሳ አንድ ደቂቃ ነው። ሪልተሩ ሜዳው የማይታይበት፣ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ አውቶቡስ የሚቀርበው ሌላ ቤት አለ ብሎናል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናየዋለን።