ለአንድ ሰዓት ወሬ 800 ብር? ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ መንገድ አለ?

ሰፊዋ፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። የሐበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሚከፈለኝ በቁጥር ነው፤ ካልሰፋሁ የለም። አባቴ ካረፈ ሰባት ወሩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው እያለ ያባንነኛል። የጊዮርጊስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እስኪሰማ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ባለፈው የሙሽራ ቀሚስ ጥለቱን ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ ስሰፋው ቀኔ አለቀ።

አንድ የግል የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ደወልኩ። ለአንድ ሰዓት 800 ብር፣ ያውም በየሳምንቱ። የአራት ቀን ገቢዬ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ምነው፣ አእምሮሽን ነካሽ እንዴ?» ትለኛለች። እንቅልፍ አጣሁ እንጂ መች አበድኩ! የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የጤና መድን ደብተር አለሽ? ካለሽ በቀጥታ ሆስፒታል እንዳትሄጂ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፊ፤ ያለ እሱ ከኪስሽ ነው። እግረ መንገድሽን ደም ማነስና ታይሮይድ ይዩልሽ፣ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ጥበበ ግዮን አዴት መንገድ ላይ ስለሆነ የባጃጁን ሒሳብ አስቢው።

በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያዋራሽ ታገኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ባለሙያው ጥቂት ነው። ግን አጭርም ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አንድ የምክር ዘዴ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የሚሰጡትም ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። «አጭር የምክር አገልግሎት አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሪፈር ምናምን አትበይ፤ ቀጥ ብለሽ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

እንግዳ፦
ጸበል ተጠመቂ፣ ይለቅሻል።

ሰፊዋ፦
እየተጠመቅኩ ነው ወንድሜ። አባ ራሳቸው ናቸው «ሐኪምም ታዪ» ያሉኝ።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ አምና የአእምሮ ሕክምና ሄጃለሁ። ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ገባሁ። ወረፋው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠዋት ጠዋት የማመላልሰው ደንበኛዬ! ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። በኋላ ሳቅን። አሁን ሒሳብ ሲከፍለኝ «እንቅልፍስ?» ይለኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሐኪሙ ጋ የምትቆዪው ትንሽ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ስለ ትራፊክ ፖሊስ ሳማርር አለቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር በወረቀት ጽፌ ነው የምገባው። ቀጠሮውንም በወር አድርጉልኝ አልኳቸው፣ እሺ አሉኝ።

ሰፊዋ፦
ጎሽ! ማክሰኞ ሥራ ቀዝቀዝ ይላል፣ ያን ቀን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ስንት ሰዓት ልድረስ?

ባለ ባጃጁ፦
1 ሰዓት ተኩል። የመድን ደብተርሽንና መታወቂያሽን እንዳትረሺ። እኔ ረስቼ ተመልሻለሁ።