አልትራሳውንዱ «የግራ የዘር ፍሬው አልታየም» አለ፤ ለ11 ወር ልጅ ላፓራስኮፒ?

የኮምቦልቻዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድ ልጄ 11 ወሩ ነው። የ9 ወር ክትባቱን ላስከትብ ስወስደው ነርሷ ዳይፐሩን ፈታ አየችና «የግራ ፍሬውስ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ስንቴ አጥቤዋለሁ፣ ልብ አላልኩም። አልትራሳውንድ ተነሳ፤ ወረቀቱ ላይ «በከረጢቱም በብሽሽቱም አልታየም» ይላል። ደሴ ያየን ሐኪም በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ በሚገባ ካሜራ) ይታይ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን። አማቴ «ሲያድግ ይወርዳል፣ የሕፃን ሆድ አይቀደድም» እያሉ ያለቅሳሉ። ካልታየ የለም ማለት ነው? ከሌለስ ለምን ይከፈታል? ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።

የቧንቧ ውሃው አባት፦
እህቴ፣ አብሽሪ። የኔ ልጅ ቀኙ ነበር። የኛም ወረቀት «አልታየም» ነው ያለው። እኔ «የለም» ብዬ አነበብኩትና ሦስት ወር ቁጭ አልኩ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ሆድ ውስጥ የተደበቀን ፍሬ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ለእማማ በእርጋታ አስረጂያቸው። በራሱ የሚወርደው በአብዛኛው እስከ 6 ወር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሆድ ውስጥ ከቆየ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ሲያድግ የመውለድ አቅሙን ሊቀንስበት ይችላል፣ የካንሰር ዕድሉም ከፍ ይላል። ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራ የሚሉት ለዚህ ነው። ልጅሽ አልረፈደበትም።

ከደሴ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ከሁሉም የከበደኝ ጡት መከልከሉ ነበር። ከማደንዘዣ በፊት 4 ሰዓት ጡት አይሰጠውም ተባልን። እናቱ ጡቷን ሲያይ እንዳያለቅስ ዞር አለች፤ እኔ ኮሪደሩን ይዤው ተመላለስኩ። ሲወስዱት አንድ እግር ካልሲው እጄ ላይ ቀረ። እስኪወጣ ድረስ ጨብጬው ነበር።

ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን፣ ልጁ እንደተኛ መጀመሪያ እንደገና በእጁ ዳሰሰው። ሰውነቱ ሲላላ ፍሬው ብሽሽት ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ካሜራው አያስፈልግም። የኛ አልተገኘም። እምብርቱ ጋ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው ሆዱን በጋዝ ነፋ አድርገው ካሜራ አስገቡ። ፍሬው ከብሽሽቱ በር ወደ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያኔውኑ አወረዱለት። አሁን 4 ዓመቱ ነው። ጠባሳው የምስር ፍሬ ታክላለች፣ ካልፈለግሻት አታያትም።

ነርስ ከደሴ፦
ወንድማችን በደንብ አስረድቷል። «ከሌለስ ለምን?» ላልሽው፣ አለመኖሩን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ራሱ ካሜራው ነው። የፍሬው የደም ሥር ሆድ ውስጥ መንገድ ላይ ተቋርጦ ከታየ፣ ፍሬው በፅንስነቱ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ፍለጋው እዚያ ያበቃል። የደም ሥሩ ወደ ብሽሽት ከገባ ብሽሽቱ ይከፈትና ይታያል። ፍሬው በጣም ላይ ከሆነ ደግሞ በሁለት ጊዜ ሊሠራ ይችላል፣ በመሃል 6 ወር ያህል ተጠብቆ። ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ድንገት እንዳይሆንብሽ። ሌሎች እናቶችም ስሙኝ፦ ሁለቱም ፍሬዎች የማይዳሰሱ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የሆርሞንና የክሮሞዞም ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ቀጠሮ አይጠብቅም።

የኮምቦልቻዋ እናት፦
አላህ ይስጣችሁ። ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «መቼ ነው የምትሄዱት?» አሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከዚያ በኋላ ማዘል ይቻላል? ያለ ጀርባዬ አይተኛም።

የቧንቧ ውሃው አባት፦
እኛን ሁለት ሳምንት አታዝሉት ብለውናል፣ እግሩ ተከፍቶ ቦታው እንዳይጫን። በክንዳችን ነበር የምናስተኛው፣ ሌሊቱን ከእናቱ ጋር እየተቀያየርን። ለልጅሽ ሐኪምም ይህንኑ ጠይቂው። ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ ጻፊልን።